የተቆጠረና ያልተቆጠረ ትውልድ፦ ከይጁቤ የዘር ሐረግ ፍለጋ ለአገልጋዮች የሚሆን ትምህርት

በጎጃም ደጋ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች አስቀድመው እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጥራሉ። የቆጠራው ዓላማ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው። ይሁን እንጂ በስፍራው ያገለገለ ሁሉ እንደሚያውቀው ሌላ ሥራም ይሠራል። «አያቷ ከየት እንደመጡ አይታወቅም» የተባለች እኅት፣ በጉባኤ የታወቀ ምስክርነት ቢኖራትም፣ ጋብቻዋ ሊፈርስ ይችላል።

የእኔም ቤተሰብ መነሻ ይጁቤ ነው። በአያቴ በአባታቸው ወገን ዘጠኝ ትውልድ በቃል ይቆጠራል። በእናታቸው ወገን ግን ቆጠራው ከቅድመ አያቴ አያልፍም፤ ስለ እርሳቸው የሚነገረው «ከዐባይ ማዶ መጡ» የሚል ብቻ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ሐረግ ይህን ያህል ረዝሞ ሌላው ለምን አጠረ?

መልሱ በአብዛኛው ርስት ነው። በጎጃም ርስት ከአቅኚው አባት ጀምሮ በወንድም በሴትም ወገን ይወረድ ነበር። መሬት የሚጠይቅ ሰው ከዋናው አባት እስከ ራሱ ያለውን ሐረግ ቆጥሮ ለተወላጆቹ ወኪል ለፈጁ፣ ክርክር ከተነሣም በዳኛ ፊት ማስረዳት ነበረበት። በደጋ ዳሞት ጥናት ያደረገው አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ሰው ከብዙ ሐረጎቹ መካከል አጥብቆ የሚይዘው መሬት የሚያስገኙለትን ጥቂቶቹን ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ያመፀው መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ይጠፋል ብሎ በመስጋቱ ጭምር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ሐረግ መቁጠርም መሬት ማስገኘቱን አቆመ።

እንግዲህ መሬት ያልነበረው ሰው ሐረጉን ማን ይጠይቀው ነበር? ይጁቤ የጥንቱ የባሶ ገበያ አካባቢ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ከደቡብ ዐባይን ተሻግረው ወደዚህ ገበያ ከሚመጡት መካከል ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና በባርነት የተያዙ ሰዎች ይገኙ ነበር። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ቅድመ አያቴ በዚያ መንገድ መጥተዋል ለማለት የሚያበቃኝ ሰነድ የለም። ነገር ግን ርስት ያልነበራቸው ሰው ስለሆኑ ሐረጋቸውን በቃል የሚጠብቅ ወገን አልነበራቸውም። ስለዚህ የሐረጉን ማጠር ለዘራቸው ማነስ ማስረጃ ማድረግ ስሕተት ነው።

የጎጃምን ትውልድ የጻፈልን ሰው ራሱ ይህን ያስተምረናል። የሥዕልና የታሪክ ሊቁ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ በኦሮሞ ምድር ተወልደው፣ በልጅነታቸው ተማርከው ወደ ጎጃም የመጡና በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉ ናቸው። ከወላጆቻቸው የተነጠሉት እኚህ ሰው «የጎጃም ትውልድ በሙሉ ከዐባይ እስከ ዐባይ» የተባለውን ሥራ፣ የሌላውን ሁሉ ዘር ቆጥረው፣ ትተውልናል።

ሐረጉን የሚፈልግ ምእመን ከአረጋውያን ይጀምር። አንድ ሰው በክስ መዝገብ በዓለም ስሙ፣ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ በክርስትና ስሙ ስለሚጠራ ሁለቱንም ይጻፍ። ከዚያ የኑዛዜ ወረቀት፣ የዕድር መዝገብ፣ የርስት ክርክር ውሳኔ፣ በጥንታውያን አድባራት የወንጌል ኅዳግ ላይ የሰፈረ የመሬት ማስታወሻ፣ የባልና የሚስት ስም ያለበት የመሬት ይዞታ ደብተር ይከተላሉ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለነበረው ትውልድ ያለን ይኸው ነው። በእያንዳንዱ ሰነድ ፊት ግን «ይህ የተጻፈው ለምን ጉዳይ ነው? ማንን ለማስገባት፣ ማንንስ ለማስቀረት?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መጽሐፍ ቅዱስ የትውልድ መዝገብን አይንቅም፤ ዳኛ ሲሆን ግን ልኩን ያሳየዋል። በዕዝራ 2፥59–63 ትውልዳቸው በመዝገብ ያልተገኘ ካህናት ከክህነት ተከልክለዋል። የአባቶቻቸውን ቤት ማስረዳት ያልቻሉ 652 ሰዎች ግን ከተመላሾቹ ጋር ተቆጥረው ተጽፈዋል። ማቴዎስም በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ረዓብንና ሩትን ሳይሸሽግ ይጠራል (ማቴ. 1፥5)። ይህን የምንሰብክ አገልጋዮች፣ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት «ዘሯ አይታወቅም» ሲባል ዝም ልንል አይገባም። በጉባኤያችን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብም ከአባት ስም ጎን የእናትን ስም መጻፍ እንችላለን።

እኔም የቤተሰባችንን መዝገብ ስጀምር በመጀመሪያው መስመር ላይ ያሰፈርሁት ቅድመ አያቴን ነው፤ «ከዐባይ ማዶ የመጡ» ብዬ።