የቃኘው ዘማቾችና የክርስትና ስማቸው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአዲስ አበባ መንበረ ፀባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ፣ በኮርያ ምድር የወደቁ ወጣቶች ዐፅም ዐርፏል። በንግሥ ዕለት እጅግ ብዙ ምእመን በአጠገባቸው ያልፋል፤ ቆም ብሎ ነፍስ ይማር የሚል ግን ጥቂት ነው።

እነዚህ ወጣቶች የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ነበሩ። ቃኘው የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሰ። እየተፈራረቁ ከዘመቱት ከ6,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን መካከል ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። በሐምሌ 1945 ዓ.ም. ተኩስ ቆሞ ምርኮኞች ሲለዋወጡ ከኢትዮጵያ ወገን የሚመለስ አንድም ምርኮኛ አልነበረም።

ሙታናቸውንም በባዕድ ምድር አልተዉአቸውም። በመጀመሪያ በፑሳን የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ቢቀበሩም፣ በኋላ ዐፅማቸው ወደ ሀገር ተመልሷል። ዮሴፍ ወንድሞቹን ዐፅሜን ከዚህ አውጡ ብሎ አምሏቸው ነበር፤ ሙሴም ከግብፅ ሲወጣ ያንን ዐፅም ይዞ ወጣ (ዘፍ. 50፥25፤ ዘፀ. 13፥19)። መርዶ ብቻ ደርሷት አስከሬን ላላየች እናት፣ ልጇ የተቀበረበትን አፈር ማየት ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው ያዘነ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በጦር ሜዳ የሞተን ሁሉ ሰማዕት ማለት በአፍ ቀላል ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ሰማዕት የምትለው ስለ ክርስቶስ ስም የተሠዋውን ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ለአምፊሎክዮስ በጻፈው ቀኖና፣ አባቶች በጦርነት መግደልን እንደ ነፍሰ ገዳይነት አልቈጠሩትም ካለ በኋላ፣ እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ሦስት ዓመት ከቍርባን ቢታቀቡ መልካም ሳይሆን አይቀርም ይላል። ይህ ወታደሩን ማዋረድ አይደለም። ሀገር ያከበረችው ጀግናም ምሕረት የሚያስፈልገው የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን ማሰብ ነው። ስለዚህ ፍትሐት ይደረግለታል፤ ፍትሐት መፍታት ነውና፣ ከኃጢአት ማሰሪያ እንዲፈታ ይጸለይለታል።

በዚያ ጸሎት ማዕረጉና ኒሻኑ አይጠሩም። የሚጠራው በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ የተሰጠው የክርስትና ስሙ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በሠራዊቱ መዝገብ የሚሰፍረው ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሲሆን፣ የክርስትና ስሙን የሚያውቁት እናቱ፣ የክርስትና አባቱና የነፍስ አባቱ ነበሩ። ከ70 ዓመት በኋላ ከእነርሱ ማን ቀርቷል? እግዚአብሔር ስማቸውን አይረሳም፤ እኛ ግን በስም ጠርተን የምናስባቸው እያነሱ ነው።

በቤታችሁ ፎቶግራፉ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኮርያ ዘማች አያት ወይም የአያት ወንድም ያላችሁ ወጣቶች፣ አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉ የክርስትና ስሙን ጠይቁ። ጽፋችሁም ለአጥቢያችሁ ካህናት ስጡ፤ በሙት ዓመቱ በጸሎት ይታሰብ ዘንድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።