«ሰምቻለሁ» ካሉ በኋላ፦ የቤይሩቱ በረራ 409 ታሪክ



በጅማም ሆነ በአጋሮና በሊሙ ገነት እህቱን ወይም የአክስቱን ልጅ ወደ ዐረብ አገር ያልሸኘ ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ጥር 17 ቀን 2002 (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2010) ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ እንደተነሳ ባሕር ውስጥ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ለእኛ የሩቅ ወሬ አልነበረም። 82 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች ነበሩበት፤ አንድም አልተረፈም። ከሟቾቹ መካከል በሰው ቤት ሲሠሩ ከርመው ወደ አገራቸው የሚመለሱ እህቶቻችን ነበሩ።

በማግስቱ የሊባኖስ መከላከያ ሚኒስትር አብራሪው የመቆጣጠሪያ ታወሩን መመሪያ አልተከተለም አሉ። ይህ አባባል ብዙ ኢትዮጵያዊን አስቆጥቷል። እኔ ግን ከቁጣው በፊት በአብራሪውና በተቆጣጣሪው መካከል ምን እንደተባለ ማወቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሌሊቱ ዝናብና መብረቅ የበዛበት ነበር። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737-800 ሲሆን፣ የተነሳው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ገና መሬት ላይ ሳለ አስቀድሞ የተሰጠው የመውጫ መንገድ ተለወጠበት። ከተነሳ በኋላ ደግሞ በቀኝ ታጥፎ አቅጣጫ 315 እንዲይዝ ተነገረው፤ ወዲያው ሌላ ተቆጣጣሪ ተረከበውና በግራ ወደ 270 እንዲዞር አዘዘው። በስልካችሁ ኮምፓስ ቂብላ ፈልጋችሁ ከሆነ ቁጥሩ አይከብዳችሁም፦ ሰሜን 0፣ ምሥራቅ 90፣ ደቡብ 180፣ ምዕራብ 270 ነው። (ከጅማ ቂብላችን ከሰሜን በትንሹ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው።) 315 ማለት እንግዲህ ሰሜን ምዕራብ ነው። ተቆጣጣሪው አውሮፕላኑን ከማዕበሉ ሊያርቀው ፈልጎ ነበር።

አብራሪዎቹ መመሪያውን ሰምተው ተቀብለዋል። አውሮፕላኑ ግን በቀኝ መታጠፉን ቀጠለና የታዘዘውን አቅጣጫ አልፎ ሄደ። ከዚያ ፍጥነቱም ከፍታውም ይዋዥቅ ጀመር፤ ክንፎቹ አየሩን መያዝ ሊያቅታቸው መሆኑን የሚያስጠነቅቀው ማንቂያ ጮኸ፤ በመጨረሻም በግራ በኩል እየተሽከረከረ ወረደ። ከተነሳ ገና 5 ደቂቃ ገደማ ቢሆነው ነው።

በአቪዬሽን አብራሪ የታዘዘውን መልሶ እንዲናገር ይገደዳል፤ ተቆጣጣሪውም አድምጦ ያርመዋል። ኪታብ የቀራ ሰው ይህ ወግ እንግዳ አይሆንበትም፤ ደረሳውም በሸይኹ ፊት መልሶ ያነባል፣ ስህተቱ እዚያው ይታረማል። ግን ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ አፉ በትክክል የሚያነብ ደረሳም አለ። ሸይኹ ድምፁን እንጂ ልቡን አይሰማም፤ ተቆጣጣሪውም እንደዚያው ነው።

አለመግባባቱ በቃሉ ላይ ሲሆን ምን እንደሚመጣ የሚያሳየው የተነሪፌ አደጋ ነው። መጋቢት 18 ቀን 1969 (እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977) በዚያች የስፔን ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ጭጋግ ወርዶ ነበር። የኬ.ኤል.ኤም. ረዳት አብራሪ «አሁን መነሳት ላይ ነን» የሚል አሻሚ ነገር ተናገረ። ተቆጣጣሪው «እሺ» አለ፤ ትንሽ ቆየት ብሎም ጠብቁ፣ እጠራችኋለሁ አለ። በዚያችው ቅጽበት የፓን አም አብራሪዎች ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን አሉ። ሁለቱ ንግግሮች በአንድ ሞገድ ተጋጭተው የሬዲዮ ጩኸት ሆኑ። በኬ.ኤል.ኤም. ክፍል ውስጥ ጥርት ብሎ የተሰማው «እሺ» ብቻ ነበር። የበረራ መሐንዲሱ ያኛው አውሮፕላን ገና አልወጣም እንዴ ብሎ ቢጠይቅም ካፒቴኑ ወጥቷል ብሎ ቀጠለ። 583 ሰው ሞተ። «መነሳት» የሚለው ቃል ፈቃዱ ራሱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር በሬዲዮ እንዳይነገር የተወሰነው ከዚህ በኋላ ነው።

በ1989 (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1996) ደግሞ ከዴልሂ የተነሳ የሳዑዲ አውሮፕላንና ሊያርፍ የሚወርድ የካዛኪስታን አውሮፕላን አየር ላይ ተጋጭተው 349 ሰዎች አለቁ። የካዛኪስታኑ ከተፈቀደለት ከፍታ በታች ወርዶ ነበር። ከዚህና ከመሰሎቹ አደጋዎች በኋላ በዓለም አቀፍ በረራ የሚነጋገሩ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች በእንግሊዝኛ ችሎታ እንዲፈተኑ ተደነገገ፤ ደንቡ በ2000 (እ.ኤ.አ. ማርች 2008) ሥራ ላይ ዋለ። የቤይሩቱ አደጋ የደረሰው ይህ ደንብ ከወጣ በኋላ ነው።

የሊባኖስ መርማሪዎች በጥር 2004 ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት ጥፋቱን በአብራሪዎቹ አውሮፕላኑን አያያዝ ላይ አደረጉ። ድካምንም አነሱ፤ ካፒቴኑ በ51 ቀናት ውስጥ 188 ሰዓት በርሮ ነበር። በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ላይ የነበረው ልምድም አጭር ነበር። ረዳት አብራሪው ካፒቴኑ መደናገሩን አላወቀም፣ ወይም አውቆም ጣልቃ አልገባም ተብሏል። የኢትዮጵያ ወገን ሪፖርቱን አልተቀበለም፤ አውሮፕላኑ አየር ላይ ፈንድቷል፣ በመመታት፣ በአሻጥር ወይም በመብረቅ ሊሆን ይችላል አለ።

እኔ ከሪፖርቱ ውስጥ የሚከብደኝ የረዳት አብራሪው ነገር ነው። ተቆጣጣሪው ከሩቅ ሆኖ በራዳር የሚያየው ነጥብ ብቻ ነው። ከካፒቴኑ ጎን ተቀምጦ ያንኑ መመሪያ በጆሮው የሰማው፣ የአውሮፕላኑንም አቅጣጫ ከፊቱ የሚያየው ግን ያ በዕድሜም በማዕረግም ታናሽ የሆነው ልጅ ነበር።