ዜና አርድቤግ፤ የጢስ ቤት የእንግዳ ቤት ስለ ሆነበት ዘመን

በስኮትላንድ ምዕራብ ባሕር ውስጥ አይላ የምትባል ነፋስ የማይለያት ደሴት አለች። በደቡብ ዳርቻዋ፣ ከፖርት ኤለን ወደብ ተነሥቶ ባሕሩን እየተከተለ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ጠባብ መንገድ፣ ሦስት የዊስኪ ቤቶችን በተራ ያሳልፋል፤ ፊተኛው ላፍሮይግ፣ ሁለተኛው ላጋቩሊን፣ ሦስተኛው አርድቤግ ነው። የነገሥታትን ዜና የሚጽፍ ሰው ምሽግ ስለ ፈረሰበትና ዘውድ ስለ ተጫነበት ቀን ይጽፋል፤ የሾርባ ድስት ስለ ተጣደበት ቀን ግን ቀለሙን አያባክንም። እኛ ግን የአርድቤግን ነገር ከጥንቱ እስከ ዛሬ ከመረመርን በኋላ፣ ሁለት ጊዜ እሳቱ የጠፋው ይህ ቤት ነፍስ ሊዘራ ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ በ1998 ዓመት በጢስ ቤቱ ውስጥ የተዘረጋው ገበታ መሆኑን ስላመንን፣ ታሪኩን ከመነሻው ጀምረን እንጽፋለን፤ ዘመኑንም እንደ አገሩ ልማድ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንቈጥራለን።

አስቀድሞ በዚያ ቋጥኝ በበዛበት የባሕር ዳር ከቀራጭ ዓይን ተሰውረው አረቄ የሚያወጡ ሰዎች ይኖሩ ነበር ይባላል። ከዚህ በኋላ ከማክዱጋል ወገን የሆነ ጆን የሚባል ሰው በ1815 ዓመት ሥራውን በግልጥ አቋቋመው፤ ቤቱም ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። በ1853 ዓመት አሌክሳንደር ማክዱጋል ሲሞት እኅቶቹ ማርጋሬትና ፍሎራ ኮሊን ሄይ ከሚባለው ሰው ጋር ሆነው ቤቱን አስተዳደሩ። በዚያ ዘመን ሴት የዊስኪ ቤት ስትገዛ ማየት ብርቅ ነበርና፣ የእነዚህ የሁለቱ እኅትማማች ስም በዜናው መካከል በጥቂት ቃል ታልፎ መቅረቱ ያሳዝናል። አልፍሬድ ባርናርድ የብሪታንያን የዊስኪ ቤቶች ሁሉ ዞሮ በ1887 ዓመት መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ፣ በአርድቤግ ወደ 60 የሚሆኑ ሠራተኞች ነበሩ፤ በዙሪያውም ወደ 200 የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርበት መንደር ተመሥርቶ ነበር።

አሁን የጢሱን ነገር ዘርዘር አድርገን መናገር ይገባናል፤ ያለ ጢሱ አርድቤግ አርድቤግ አይደለምና። ገብሱ በውሃ ተዘፍዝፎ በሰፊ ወለል ላይ ይሰጣና ጐንቊል እስኪያወጣ ድረስ እየተገላበጠ ይቈያል፤ የጠላ ብቅል ስታበቅል እናቱን ያየ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። እኛ ብቅሉን በፀሐይ ስናደርቅ፣ ፀሐይ በስስት የምትጐበኛቸው የአይላ ሰዎች ግን በሺሕ በሚቈጠር ዘመን በረግረግ ውስጥ የተከማቸውንና የጠቈረውን የሣርና የሥር አፈር በረጅም አካፋ እየቈረጡ፣ እንደ ጡብ ደርድረው በነፋስ ካደረቁት በኋላ ያነዱታል። ብቅሉ በእሳቱ አናት፣ ቀዳዳ በበዛበት ወለል ላይ ተሰጥቶ በጢሱ ይታጠናል። ሾጣጣው የጣሪያው ጕልላት ጢሱ የሚወጣበት ነው፤ በአርድቤግ ጕልላት ውስጥ ግን ጢሱን የሚስብ ማራገቢያ ስላልነበረ፣ ጢሱ በገዛ ፈቃዱ እስኪሄድ ድረስ ከብቅሉ ጋር ይውል ያድር ነበር ይባላል። ከመዳብ ጋኑ የሚወጣው መጠጥ ያን ጢስ ተሸክሞ ይወጣል። ሽታውን የሚወዱ ሰዎች ከሩቅ አገር ባሕር ተሻግረው ይመጡለታል፤ ሌሎች ደግሞ ይህስ የሐኪም ቤት ሽታ ነው ብለው አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ጸሐፊው ከኋለኞቹ ወገን ቢሆንም፣ ዜና ጸሐፊ በአፍንጫው መፍረድ ስለማይገባው ሁለቱንም ጽፏል።

ወደ ውድቀቱ ዘመን እንመለስ። በ1973 ዓመት ቤቱ ለሁለት ታላላቅ ኩባንያዎች ተሸጠ፤ ጥቂት ቈይቶም ጠቅላላው ሃይረም ዎከር በሚባለው የካናዳ ኩባንያ እጅ ገባ። በዚያው ዘመን በፖርት ኤለን ብቅል በብዛት የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ስለ ተሠራ፣ የአርድቤግ ወለልና ምድጃ እያደር ሥራ ፈታ። ቀጥሎም ዊስኪ በመላው ስኮትላንድ ከገበያው በላይ ተትረፍርፎ በየመጋዘኑ ተከማቸ፤ የአይላ ጢሳም መጠጥ ደግሞ አብዛኛው ለሌላ ዊስኪ ማቀላቀያ ይውል ስለነበር፣ ቀላቃዮቹ እጃቸውን ሲሰበስቡ በ1981 ዓመት የአርድቤግ እሳት ጠፋ። የመንደሩ ቤቶች ባዷቸውን ቀሩ። በ1989 ዓመት፣ ላፍሮይግንም አርድቤግንም በያዘው በአላይድ ኩባንያ ዘመን ሥራው ዳግመኛ ቢጀመርም፣ ለሁለት ቤት የተገባ እንጀራ ለታላቁ ይበቃል እንጂ ለታናሹ አይተርፍምና፣ ጋኖቹ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እየተለኰሱ ቈይተው በ1996 ዓመት እንደ ገና ተዘጉ።

በ1997 ዓመት ግሌንሞረንጂ የሚባለው ኩባንያ ቤቱን ከነክምችቱ በ7 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወርም መዳቡ ተለኰሰ። ነገር ግን እሳት መለኰስ ገንዘብ ማግኘት አይደለም። በስኮትላንድ ሕግ መሠረት ከጋኑ የወጣው መጠጥ በባሉጥ በርሜል ውስጥ ቢያንስ 3 ዓመት ካልተኛ ዊስኪ ተብሎ አይጠራም፤ አርድቤግን የሚያውቅ ጠጪ ደግሞ በ3 ዓመት አይረካም፤ 10 ዓመት ይጠብቃል። በ1980ዎቹ ሥራው ስለ ቆመና ከዚያም በኋላ የተሠራው ጥቂት ስለ ነበረ፣ በመጋዘኑ ያለው በርሜል የዘመን ክፍተት ነበረበት። እንግዲህ አዲሶቹ ባለቤቶች የዛሬውን ወጪ እየከፈሉ ከ10 ዓመት በኋላ የሚመጣውን ገቢ የሚጠብቁ ሰዎች ሆኑ።

ያን ጊዜ ነው ሥራ የፈታው የጢስ ቤት የታሰበው። ግድግዳው በጥላሸት ጠቍሯል፤ ጣሪያው ግን ከፍ ያለ፣ ድንጋዩም ጽኑ ነበር። አሮጌው የብቅል ማድረቂያ ተጠርጎና ታድሶ፣ ገበታና ወንበር ተሰልፎበት፣ አንደኛው ወገን ሱቅ፣ ሌላው ካፌ ሆኖ በ1998 ዓመት ለእንግዶች ተከፈተ፤ ስሙንም የጥንቱን ግብሩን ሳይክዱ ኦልድ ኪልን አሉት። በዚያ ቤት ትኩስ ሾርባ፣ ዳቦ፣ ቡናና ሻይ ይቀርባል፤ ዘቢብና ቅመም የገባበት፣ በጨርቅ ታስሮ የሚቀቀል ክሉቲ ደምፕሊንግ የሚባል የአገሩ ጣፋጭም አለ።

ይህን ሥራ ትንሽ ነው የሚል ሰው የቦታውን አቀማመጥ ያላየ ነው። አርድቤግ ከሦስቱ ቤቶች የመጨረሻው ነውና፣ መንገደኛው በፊተኞቹ ሁለት ቤቶች ጠግቦና ተስተናግዶ ከዚያ ሊመለስ ይችል ነበር። ካፌው ከተከፈተ ወዲህ ግን የምሳ ሰዓት መንገደኛውን ወደ ፊት ጠራው፤ ዊስኪ የማይቀምሰው መኪና ነጂም፣ በዝናብ የራሰው እግረኛም፣ ልጅ የያዘችው እናትም ወደ መጥመቂያው ቅጥር የሚገቡበትን ምክንያት አገኙ። የደሴቲቱ ሰዎችም ራሳቸው ምሳ ይበሉበት ጀመር፤ እሳቱ በጠፋ ጊዜ ሥራቸውን ላጡ ቤተሰቦች ጎረቤት የሆነ ሕዝብ ወደዚያው ቅጥር ተመልሶ መግባቱ፣ በጸሐፊው አስተያየት ከገቢው ይበልጣል። ከአርድቤግ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚያልፈውም መንገደኛ በ8ኛው ምእት ዓመት ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍሎ የቆመውን የኪልዳልተንን መስቀል ለመሳለም ይሄዳል፤ በመስቀሉ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ቃየል በአቤል ላይ ተነሥቶ፣ አብርሃምም ይስሐቅን ሊሠዋ ሲያቀርብ ተቀርጸዋል። እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ የሚመለስ ሰው ብርድ ይዞት ስለሚሆን፣ አንድ ጽዋ ሾርባ መሻቱ አይነቀፍም።

በ2000 ዓመት ከአሮጌው ክምችት ተመርጦ የ10 ዓመቱ አርድቤግ ለገበያ ቀረበ። በዚያው በካፌው ዓመት፣ በ1998 ከጋኑ የወጣው አዲሱ መጠጥ ግን በበርሜል ሆኖ ያድግ ነበርና፣ ባለቤቶቹ ዕድገቱን ለወዳጆቻቸው እያሳዩ ጥቂት ጥቂት ማውጣት ጀመሩ፤ በ2004 ዓመት ገና ጨቅላ ነው ሲሉ ቬሪ ያንግ፣ በ2006 ዓመት ዛሬም ልጅ ነው ሲሉ ስቲል ያንግ፣ በ2007 ዓመት ሊደርስ ጥቂት ቀረው ሲሉ ኦልሞስት ዜር አሉት፤ በ2008 ዓመት 10 ዓመቱን ሲሞላ ረኔሳንስ፣ ዳግም ልደት ብለው ሰየሙት። ያን 10 ዓመት ሙሉ ካፌው የዕለቱን እንግዳ በዕለቱ ሲያበላ ኖሯል፤ በርሜል የማይሰጠውን ድስት ሰጥቷል ማለት ይቻላል። በመካከሉም ግሌንሞረንጂ ራሱ ኤል ቪ ኤም ኤች ለሚባለው የፈረንሳይ ታላቅ ኩባንያ ተሽጦ ነበር፤ ገበታው ግን አልታጠፈም።

በ2021 ዓመት አራት የመዳብ ጋኖች ያሉት አዲስ ቤት ተሠራ። በ2022 ዓመት ደግሞ በ1975 ዓመት፣ የብቅል ማድረቂያው እሳት ገና ሳይጠፋ የተቀመጠ አንድ በርሜል፣ በእስያ ለሚኖር ሰው በ16 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ፤ ይኸውም መላው አርድቤግ ከነሕንፃው ከነክምችቱ በ1997 ከተገዛበት ዋጋ እጥፍ የሚበልጥ ነው። እንዲህ ያለውን ዋጋ ጸሐፊው ሊያደንቀው አልቻለም፤ ባለቤቶቹ በዚያው ጊዜ ለአይላ ሕዝብ ጉዳይ የሚውል 1 ሚሊዮን ፓውንድ በ5 ዓመት ውስጥ እንሰጣለን ማለታቸውን ግን ሳይጽፍ አያልፍም።