በብራና ላይ ስለሚሣል ገጽና ዐይን

በዚህ በኢዮቤልዩ መጽሐፍ ስለ ሕንፃውና ስለ አገልጋዮቹ ሌሎች ጽፈዋልና፥ እኔ በዕቃ ቤት በጨርቅ ተጠቅልሎ ስለሚኖር ትንሽ ነገር፥ ይኸውም በብራና ላይ ስለሚሣል ገጽና ዐይን ጥቂት ልናገር ወደድሁ።

በተአምረ ማርያም ቅጠል ላይ ያለ የሰው ገጽ ብዙ ጊዜ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጥም። ሠዓሊው በዚያች ጠባብ ስፍራ ቅንድቡን፥ የዐይኑን ቆብ፥ ነጩንና ብሌኑን ለይቶ ማሳየት አለበት። መጀመሪያ መልኩን በቀጭን መስመር ይነድፋል፤ ቀጥሎ ቀለሙን ይሞላል፤ ቀለሙም ንድፉን ስለሚሸፍነው የገጹን መስመር እንደ ገና ያወጣል። የብሌን ነጥብ የጠጉር ያህል ብትዛነፍ፥ ተመልካቹን ያይ የነበረው ጻድቅ ወደ ሌላ ያያል።

አንዳንድ ሰው የአባቶቻችንን ሥዕል አይቶ፥ «ዐይኑ ከልክ በላይ ትልቅ ነው፤ ሰው አይመስልም» ይላል። ይህ ግን ካለማወቅ የመጣ አልነበረም። በብዙው ሥዕል ጻድቃን ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው በሁለት ዐይናቸው ሲያዩ፥ ሰይጣንና ይሁዳ በጎን ሆነው ባንድ ዐይን ብቻ ይታያሉ። የጎን ፊት መሣል የሚችል እጅ፥ ሙሉውን ፊት የመረጠው አውቆ ነው። ደግሞም ፊደል የማያውቀው ምእመን ደጉን ከክፉው የሚለየው በዚሁ ነበረ።

በ1273 ዓ.ም. ለሐይቅ እስጢፋኖስ በተሰጠው በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ያለው ሥዕል ጥላ የለውም፤ ገጹ በመስመር ብቻ የቆመ ነው። ኋላ ኢየሱሳውያን በሮም ሳንታ ማርያ ማጆሬ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ግልባጭ አመጡ፤ በ1591 በፈረንጅ ቁጥር በሮም የታተመው ባለ ሥዕል የዐረብኛ ወንጌልም ወደ ጎንደር ደረሰ። ሠዓልያኑ አቀማመጡንና የሰዉን አቋም ከዚያ ወሰዱ፤ ገጹን ግን እንዳለ አልገለበጡም፤ የራሳቸውን ዐይን ሰጡት። እኔ ይህን እጅግ አደንቃለሁ። በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ዐፄ ኢያሱ ዘመን (1723-1747 ዓ.ም.) ደግሞ በጉንጭ፥ በአንገትና በዐይን ዙሪያ ጠቆር ያለ ጥላ ገባ፤ ገጹም ሥጋ ለበሰ። ሆኖም ትልቁ ዐይን አልተለወጠም።

በብዙ መጻሕፍት የሰይጣን ፊት ተፍቆ ይገኛል። ያነበበ ሰው ተቈጥቶ ያደረገው ነውና አልፈርድበትም።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ባንድ ደብር፥ ስሙን አልጠራም፥ አንድ ተአምረ ማርያም ተገልጦ አየሁ። ብዙ አፍ የሳመው የእመቤታችን ገጽ ደብዝዞ ስለ ነበረ፥ አንድ በጎ አሳቢ ከገበያ በተገዛ የዘይት ቀለም ዐይኗን አድሶታል። ቀለሙ በብራናው ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ቅጠሉ በተገለጠ ቊጥር ቅርፊቱ ይረግፋል፤ ከእርሱም ጋራ የጥንቱ መስመር አብሮ ይነሣል። መጽሐፉን የሚጠብቁት መሪጌታ የረገፈውን ቅርፊት በወረቀት ጠቅልለው በመጽሐፉ መካከል አኑረውታል። አንዲቱን ቅርፊት ገልብጠው አሳዩኝ፤ በጀርባዋ የፊተኛው ሠዓሊ የሣላት ብሌን ነበረች።