ውኃው ከላሞቹ በላይ የሚሄድበት መንገድ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሮተ ወንዝ ዳር ቆመን ሰውነታችንን ስናሟሙቅ፣ ሮተርዳም ከገባ ስድስት ወር ያልሞላው አንድ ልጅ አጠገቤ መጥቶ «ጋሼ፣ ይቺ የሐበሻ ሩጫ ድሮም የነበረች ናት አይደል?» አለኝ። በቅንነት ነው የጠየቀኝ። ሠላሳ የሚሆን ሰው አማርኛ እያወራ የጫማውን ክር ሲያስር ላየ፣ ከወንዙ ጋር አብራ የተፈጠረች ብትመስለው አልፈርድበትም። ያን ሰዓት «ቆይ አጫውትሃለሁ» ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ለእሱና ለእኩዮቹ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ድሮ የነበረች አይደለችምና።

መዝገብ ላይ ያለውን ታሪክ ባጭሩ ልበለው። የሮተርዳም ማራቶን እ.ኤ.አ. በ1981 ተጀመረ። በ1988 በላይነህ ዲንሳሞ እዚሁ ከተማ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ በመግባት የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ አሥር ዓመት የደፈረው አልነበረም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1994 እዚሁ ሆላንድ፣ ሄንግሎ ላይ የ5 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ2004 ደግሞ ቀነኒሳ በቀለ በዚያው ከተማ በዚያው ርቀት አዲስ ክብረ ወሰን ጻፈ። ሲፋን ሀሰን በ2008 በስደት መጥታ፣ በፓሪስ ኦሊምፒክ ለሆላንድ የማራቶን ወርቅ አጠለቀች። ይህን ሁሉም በቃሉ ይዞታል። ስለዚህም «ሐበሻ እዚህ አገር ሩጫ የጀመረው በእነ ኃይሌ ነው» ይባላል። ክብራቸው ክብሬ ነው። ነገር ግን የሄንግሎ ጭብጨባ ሲያበቃ እነሱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዱ። ዝናቡ ውስጥ የቀረነው እኛ ነን፤ መንገዷም የወጣችው ከቀረነው ሰዎች እግር ነው።

እኔ የመጣሁት በ1992 መጸው ላይ ነው። ያደግሁት ፋርጣ፣ ጉና ተራራ ግርጌ ነው። ትምህርት ቤቴ ደብረ ታቦር ነበር፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ። እኛ ጋ መንገድ ማለት ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ሜዳ ያየሁት ወረታ አጠገብ አጎቴ ቤት ስላክ ብቻ ነው። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራን ያለብሱታል፤ ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራበታል። የአጎቴን ላሞች፣ እነዚያን ጥቁርና ነጭ የፎገራ ላሞች፣ ከጓያው ለመመለስ በባዶ እግሬ ስሮጥ ጭቃው በጣቶቼ መሀል ሽቅብ ይወጣ ነበር። ለእኔ ሩጫ ያ ነው።

ሮተርዳም በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ የተከራየኋት ክፍል ግድግዳ ሲጫነኝ ተነሥቼ ወንዙን ይዤ ወጣሁ። ሕንፃው አለቀና ሜዳው ተከፈተ። ሜዳው ላይ ላሞች ቆመዋል፤ ጥቁርና ነጭ። እግሬ ከዳኝ፤ ሣሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ዕንባዬን ጠርጌ ዞር ስል ደግሞ ያየሁት አስደነገጠኝ፤ ውኃው ከላሞቹ በላይ ነው! የፎገራን ጎርፍ የሚያውቅ ሰው ውኃ ከራሱ በላይ ሲያይ ከብቱን ነድቶ ይሸሻል። እዚህ ግን ሜዳው ጥንት ረግረግ ነበር፤ አፈሩ ለማገዶ ተቆፍሮ ውኃውም ሲመጠጥ ከባሕር ወለል እስከ 6 ሜትር ዝቅ ያለበት ቦታ አለ። ወንዙ ከፍ ባለ የአፈር ግድብ መሀል ታቅፎ ቀረ። እኛ የምንሮጠው ያ ግድብ ጫፍ ላይ ነው። አዲስ ልጆች ወፍጮ የሚሏቸውም በነፋስ የሚዞሩ ቤቶች እህል አይፈጩም፤ የተሠሩት የሜዳውን ውኃ ወደ ወንዙ ለማውጣት ነው። ከከተማ ወጥተን የምንዞርባቸው አራቱ በዜፈንሃውዘን በኩል ተከታትለው ቆመዋል፤ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ ውኃውን ደረጃ በደረጃ ከፍ ያደርገው ነበር።

እቴቴን ያገኘኋት እዚያ ግድብ ላይ ነው። የጋይንት ሰው ናት። ያኔ ሌሊት ቢሮ እያጸዳች ሲነጋ ስትወጣ እንቅልፍ እምቢ ይላታል፤ ስለዚህ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በሶምሶማ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። «የማነህ ልጅ?» አለችኝ መጀመሪያ። የደብረ ታቦር ልጅ መሆኔን ስነግራት ሳቀችና «በል ና፣ ብቻውን የሚሮጥ ሰው እብድ ይመስላል» አለችኝ። በዚያ ሳምንት ሁለት ሆንን፤ በፋሲካ አራት። ጫማችን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገዛ ነበር፤ የእሷ አንድ ቁጥር ስለሚሰፋ ጫፉ ላይ ጨርቅ ትጎዘጉዝበታለች። አንድ ጨለማ ጠዋት ሁለት ሰዎች መኪና አቁመው ከምን እንደምንሸሽ ጠየቁን። መልስ ለመስጠት ቋንቋው አልነበረንም፤ ዝም ብለን ቆምን። ያቺን ዝምታ ዛሬም አልረሳኋትም። ዛሬ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው የሚሮጡት ልጆች ይህን ይወቁልኝ።

ስለ ሩጫችን መሥራች የሚነሣው ክርክር አላለቀም። በጦር ሠራዊት ክለብ ይሮጥ የነበረ አንድ ወዳጃችን በ1995 መጣና ሰዓትና ሥርዓት አስያዘን፤ ማክሰኞ ፍጥነት፣ ቅዳሜ ረጅም። ባለውለታችን ነው። ነገር ግን በየሠርጉ «እኔ ነኝ የመሠረትኩት» ሲል አልቀበለውም። የክራሊንገን ሐይቅ ልጆች ደግሞ «እኛ ከእናንተ በፊት ሐይቁን እንዞር ነበር» ይላሉ። ዞረው ይሆናል። ሐይቁ ግን 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዞረህ ቤትህ ትገባለህ። ሰውን ከከተማ አውጥቶ ሜዳ ማሳየት ሌላ ነው። በዚህ ጉዳይ ተኳርፈን አንድ ዓመት ሙሉ በሁለት ቡድን ሮጠናል። ግድቡ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ እንኳ አንለዋወጥም ነበር። ያስታረቀችን እቴቴ ናት። ስለ ራሷ ግን አንድ ቀን «እኔ ነኝ» ስትል ሰምቼ አላውቅም፤ ለዚህ ነው ስሟ ሳይነሣ የሚቀረው።

የዚያን ጊዜ ክረምት የዛሬው አይደለም። በጥር 1997 ፍሪስላንድ ላይ አሥራ አንድ ከተሞችን በበረዶ ላይ መንሸራተቻ የሚያዞረው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ውድድር ሲካሄድ፣ የእኛም ውኃ መስተዋት ሆኖ ነበር። እኛ ግድቡ ላይ ስንሮጥ ሕፃናት ከሥራችን በበረዶው እየተንሸራተቱ ይቀድሙናል። ያ ውድድር ከዚያ ወዲህ አልተካሄደም። ያ ብርድ ባይኖር ኖሮ እንዲህ የምንዋደድ አይመስለኝም።

እቴቴ ያስተማረችን ትልቁ ነገር ግን የነፋሱ ነው። ሜዳ አገር ዳገቱ ነፋስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፤ እኛ ከከተማ የምንወጣው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ስትወጣ ነፋሱ ከጀርባ ይገፋሃል። በዚያ ላይ ከደጋ የመጣ ሰው እዚህ አየሩ ያጠግበዋል፤ ክንፍ ያወጣ ይመስለዋል። አራቱ የነፋስ ቤቶች ጋ ደርሶ ሲዞር ያ ሁሉ ነፋስ በደረቱ ይመጣበታል። ስንት ጎበዝ እዚያ ቆሞ ቀርቷል! እሷ ታዲያ ገና ስንነሣ ከኋላ ሆና «መሄጃው ሲቀልላችሁ እኩሌታውን ለመመለሻ!» ትለን ነበር። ስንዞር ደግሞ ሰያፍ ሰልፍ ያስያዘችን እሷው ናት፤ ፊት ያለው ነፋሱን ይከላከላል፣ ሲደክመው ወደ ኋላ ይወርዳል፣ ቀጣዩ ይተካዋል። ማንም ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ፊት አይወጣም።

በቡሄ፣ በደብረ ታቦር በዓል፣ ከሩጫው በኋላ ሙልሙል የሚታደለውም በእሷ ነው የተጀመረው። የመጀመሪያው ዓመት ሌሊት ከሥራ መጥታ ጋግራ፣ በፎጣ ጠቅልላ ትኩሱን ይዛው መጣች። አምስት ነበርን፤ ሰባት ሙልሙል።

ዛሬ ጉልበቷ እምቢ ብሏት አትሮጥም። ያ ልጅ ቅዳሜ ሲወጣ እንደ ጥይት ተፈተለከ፤ አራቱ ጋ ስንዞር ፊቱ ላይ ድንጋጤውን አየሁበት። ከኋላዬ አስጠጋሁትና «እኩሌታውን ለመመለሻ» አልኩት። አንድ ድልድይ ጋ ስንደርስ አንዲት አሮጊት በወንበር ተቀምጣ ከፔርሙዝ ሻይ ትቀዳለች። ልጁ አመስግኖ ተቀበላትና «እማማ ማናቸው?» ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ።