በደባርቅ የመስክ በዓል፦ «የአገር ምግብ» የሚባለው የትኛው ነው?

ሰብል በሚደርስበት ሰሞን ከጎንደር ተነስታችሁ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ብትወጡ፣ ከመንገዱ ዳር ማሳ ላይ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ታዩ ይሆናል። ሠርግ አይደለም፤ የመስክ በዓል ነው። ገበሬዎች፣ የግብርና ባለሙያዎችና ተመራማሪዎች የደረሰ ሰብል እያዩ የሚከራከሩበት፣ ከዚያም አብረው የሚበሉበት ቀን ማለት ነው። ክርክሩ ሲያልቅ የገብስ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ በሶ ይበጠበጣል፣ ቅቅል ድንችም ይመጣል። ታዲያ እንዲህ ባለ ቀን አንዱ ተነስቶ «ይሄ ሁሉ የአባቶቻችን ምግብ ነው፤ እኛ ድሮም ኦርጋኒክ ነን!» ቢል ጭብጨባ አያጣም።

ጭብጨባው ደስ ይላል። ግን እውነት ነው?

ከድንቹ እንጀምር። ድንች የደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራሮች ልጅ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይነገራል። ሰውየው ለዚህ አካባቢ እንግዳ አልነበረም፤ ስሜንንና ትግራይን ይገዙ በነበሩት በደጃዝማች ውቤ ዘመን ባለሥልጣን እስከመሆን ደርሷል። ውቤ በ1855 ስሜን ውስጥ ደረስጌ ላይ ተሸነፉ፤ አሸናፊው ካሳም እዚያው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። እንግዲህ ድንች ከቴዎድሮስ ዘውድ እንኳ ያንሳል ማለት ነው። ዛሬ ግን ደባርቅ ላይ ድንችን «የፈረንጅ ምግብ» ብትሉት የሚስቅባችሁ ይበዛል።

እሺ፣ ገብሱስ? ገብስም ቢሆን እንግዳ ነው፤ የመጣው ግን ከሺህ ዓመታት በፊት ነው። የዱር ዘመዱ እስከ ዛሬ ድረስ የሚበቅለው በመካከለኛው ምሥራቅ እንጂ በእኛ ተራሮች ላይ አይደለም። ዋናው ነገር ከመጣ በኋላ የሆነው ነው።

በየካቲት 1770 ጄምስ ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ከምጽዋ ተነስቶ፣ የሊማሊሞን ገደል ወጥቶ፣ በወገራ ሜዳ ወደ ጎንደር አለፈ። ወገራን ከአገሪቱ ጎተራዎች እንደ አንዱ ነው የመዘገበው። በጣም የገረመው ግን ገደሉን ወጥቶ ጫፉ ላይ ያየው ነው፦ አንዱ ማሳ ሲታጨድ፣ አጠገቡ ያለው ገና እየታረሰ፣ ሌላው ደግሞ እሸት ይዞ። ያኔ ከውጭ የሚገባ ማዳበሪያ የለም፣ የግብርና ቢሮ የለም።

ከዚያ ወዲህ 157 ዓመት ቆይቶ፣ በ1927፣ ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ መጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ አክሱም፣ ከዚያም አስመራ። ዘር ነበር የሚሰበስበው፤ ከ6000 በላይ ናሙና ይዞ ተመለሰ። የስንዴያችንና የገብሳችን ዓይነት ብዛት ስላስደነቀው አገሪቱን ከዓለም የሰብል መነሻዎች ተርታ መደባት። ስለ ገብስ መነሻ ተሳስቷል፤ ስለ ብዛቱ ግን ልክ ነበር።

ብዛቱ ከየት መጣ? የደጋ ገበሬ «ገብስ» ብሎ የሚዘራው ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው፦ ነጭና ጥቁር፣ ረጅምና አጭር፣ ቀድሞ የሚደርስና የሚዘገይ። ውርጭ ቀድሞ ያበበውን ቢመታ የዘገየው ይተርፋል። ዋግ አንዱን ቢያደርቀው ሌላው ይቋቋማል። ድብልቁ የድሃ ኢንሹራንስ ነው በሉት። ወጥ ቤቱም የራሱን ይመርጣል፤ ለጠላ የሚሆነው ሁሉ ለቆሎ አይሆንም። «ሰነፍ ቆሎ» የሚባል ልባስ የሌለው ገብስ አለ፤ ስሙ እንደሚነግራችሁ፣ የመፈተግ ጣጣ የለበትም። ዘሩን መርጦ በጎታ በማቆየት ደግሞ የሴቶች እጅ ትልቅ ነው፤ በመስክ በዓል ላይ ግን መድረኩን ብዙ ጊዜ የሚይዙት ወንዶች ናቸው። (ይሄ እኔን ሁሌም ይገርመኛል።)

የእነዚህ እጆች ሥራ ባሕር ተሻግሯል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ በተወሰደ ገብስ ውስጥ፣ ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚያለብሰውን የሻጋታ በሽታ የሚከላከል የዘር ባሕርይ ተገኘ። ዛሬ በአውሮፓ የሚዘሩ ብዙ የቢራ ገብሶች ይህን ባሕርይ ይዘዋል። በካሊፎርኒያም ገብስን የሚያቀጭጭ ቫይረስ መከላከያው የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው።

የሚገርመው፣ ያው ቢራ ዛሬ ድብልቁን ይፈታተነዋል። ብቅል ሲሠራ እህሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ መብቀል አለበት፤ ስለዚህ ፋብሪካ የሚፈልገው ወጥ ዘር ነው። ገበሬው ወጥ ዘር ዘርቶ ጥሩ ዋጋ ቢያገኝ አልፈርድበትም። ግን በጎታ የቀረ ዘር ለጥቂት ዓመታት ካልተዘራ መብቀሉን ያቆማል።

«ድሮም ኦርጋኒክ ነን» ወደሚለው ልመለስ። በ2006 ኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ አውጥታለች። ኬሚካል አለመጨመር ብቻውን ግን መሬትን አያሳርፍም። እንጨት በጠፋበት ደጋ ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል እንጂ ማሳ አይደርስም። ስዊዘርላንዳዊው ሀንስ ሁርኒ በ1970ዎቹ ስሜን ውስጥ ያጠናው የአፈር መሸርሸርም የደረሰው ኬሚካል ባልነካው እርሻ ላይ ነው። ስለዚህ የመስክ በዓሉ የሚያኮራ ነገር ከፈለገ ዘሩን ቢያነሳ ይሻለዋል፤ ስለ አፈሩ ግን ገና ብዙ የሚማረው አለ። የብስባሽ ጉድጓድ የሚያሳይ ገበሬ ከንግግር አድራጊው ይልቅ ቢደመጥ ደስ ይለኛል።

ዘሩንም ቢሆን ልናጣው ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ረሃብ ብዙ ቤተሰብ ለዘር ያስቀመጠውን በላ። በ1976 የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማዕከል፣ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት፣ ከድርቅ አካባቢዎች ዘር እየሰበሰበ አቆየ። በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ዘሩን ለገበሬዎች መልሶ ማሳቸው ላይ አብሯቸው ያሻሽል ጀመር። መላኩ በዚህ ሥራ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አገኙ። ማዕከሉ በማቀዝቀዣ ያስቀምጣል፤ ገበሬው ደግሞ ዘሩን ከየዓመቱ ውርጭና ዋግ ጋር ያለማምዳል።

ይህን በደባርቅ በቅርብ ማየት ይቻላል። የግጭ መንደር ሰዎች ስሜን ተራራ ላይ፣ ከ3000 ሜትር በላይ፣ ገብስ ያርሱ ነበር። ለፓርኩ ጥበቃ ሲባል በ2016 ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። ዋልያው ሣሩን አገኘ። በዚያ ብርድ የተለማመደ ገብስ ግን ከተማ ውስጥ ማሳ የለውም።

የመስክ በዓል ላይ የመገኘት ዕድል ከገጠማችሁ፣ ንግግሩ አልቆ ዳቦው ሲቆረስ ዳቦውን የጋገሩትን እናት ፈልጉና ጠይቋቸው፦ ዘሩን ከማን አገኙት? ለዳቦ ይህን፣ ለጠላ ያንን የሚለዩት በምንድን ነው? ደብተር መያዝ እንዳትረሱ።