የአባ ጎርጎርዮስ ጓዝ

ከመካከላችን አንዷ ወደ ጀርመን ልትሄድ ነው። እዚያ ዘመድ የላትም፣ ስኮላርሺፕም አላገኘችም። የምትሄደው ኤርፈርት በምትባል ከተማ የሚኖሩ ሦስት ጓደኞቿን ለማግኘት ነው። ጓደኞቿ ስንል የኢንተርኔት ጓደኞቿ ማለታችን ነው። አራት ዓመት ሙሉ የድሮ ሕንፃዎችን ፎቶ ሲለዋወጡ ኖረዋል፤ እሷ የፒያሳን፣ እነሱ የከተማቸውን። ድምፃቸውን ትለያለች፣ የድመታቸውን ስም ሳይቀር ታውቃለች፣ እጃቸውን ጨብጣ ግን አታውቅም። ባለፈው ሰሞን «በቃ ነይ!» አሏት። እኛም ማንም ሳይመርጠን የጉዞ ኮሚቴ ሆንን። ማኪያቶ አዘን፣ ደብተር ዘርግተን ዝርዝር ማውጣት ጀመርን።

ዝርዝሩ አላልቅ አለ። ፓስፖርቱ ስንት ወር ቀረው? የጥሪ ደብዳቤውን ማን ይጽፋል? ገንዘቡስ? ጣቢያ ላይ ማን ይቀበላታል? የምናውቃቸው የመሰሉን ሰዎች ሌላ ሰዎች ሆነው ቢገኙስ? ቋንጣና ቅቤ ይዛ ብትሄድ ይወሰድባታል? (ይወሰድባታል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቡናና በርበሬ ይሻላል።) ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ደግሞ ይሄ ነበር፤ ለእናቷ ምን ተብሎ ይነገራል?

በዚህ መሃል አንዳችን ኤርፈርትን በካርታ ላይ ሲፈልግ ከአጠገቧ «ጎታ» የሚል ስም አየ። «ይሄማ አባ ጎርጎርዮስ የሄዱበት አገር አይደለም እንዴ?» አለ። ዝርዝሩ ተቋረጠ፤ ጨዋታው ወደ ታሪክ ዞረ። ለካ እኛ አዲስ ነገር እየሠራን የመሰለንን አንድ የአማራ መነኩሴ ከ370 ዓመታት በፊት ሠርተውታል። እነሆ ታሪኩ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሮሙ ትውውቅ

አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ካቶሊክነትን ከተቀበሉት ወገን ነበሩ። አፄ ፋሲለደስ በ1632 ነግሠው የቀድሞውን ሃይማኖት ሲመልሱና ኢየሱሳውያኑን ሲያባርሩ ግን አገር ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። በስደት ዞረው ዞረው ሮም ገቡ። ሮም ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያውያን ማረፊያ የነበረ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። እዚያ አረፉ።

በ1649 አንድ የ25 ዓመት ጀርመናዊ ያንን በር አንኳኳ። ስሙ ኢዮብ ሉዶልፍ ነው፤ የተወለደው ደግሞ በ1624 የኛዋ ልጅ ልትሄድባት በተነሳችው በኤርፈርት። ሉዶልፍ ግዕዝን ያለ አስተማሪ ከመጽሐፍ ነበር የተማረው። ግዕዝ የሚናገር ሰው በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ኢትዮጵያውያኑ ፊት ቆሞ በግዕዝ ሲናገር ታዲያ አንዱም አልገባቸውም። ንባቡ እንዲያ ነበር። ቢቸግረው ጽፎ አሳያቸው፤ ያን ጊዜ ገባቸው። ትውውቃቸው በጽሑፍ ጀመረ ማለት ነው። በቻት ብቻ እንግሊዝኛ ተምሮ ፈረንጅ ፊት ሲቆም አፉ የተሳሰረበት ሰው ሉዶልፍን ይረዳዋል። እኛም ተረድተነዋል።

ከዚያ ወዲያ ሉዶልፍ ተማሪ፣ አባ ጎርጎርዮስ መምህር ሆኑ። ወጣቱ ሮምን ለቆ አገሩ ከገባ በኋላም ወዳጅነቱ አልተቋረጠም። ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ በግዕዝ። በሮምና በጀርመን መካከል የግዕዝ ደብዳቤ ሲመላለስ አስቡት። የሁለቱም የአፍ መፍቻ ያልሆነ፣ በዚያን ጊዜ በየትኛውም አገር የገበያ ቋንቋ ያልነበረ ልሳን ሁለት ሰዎችን አገናኘ።

ጥሪው

ሉዶልፍ ወደ ጎታው መስፍን ወደ ኤርነስት ቤት ለሥራ ሲገባ ስለ ወዳጁ አወራ። መስፍኑ «መንፈሳዊው» የሚል ቅጽል የወጣለት፣ የሉተር ተከታይ ነበር። ስለ ኢትዮጵያና ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ለማወቅ ጓጓ። በ1652 ጥሪ ተላከ፤ «ጎታ ድረስ ይምጡልን»።

እስቲ አሁን የአባ ጎርጎርዮስን ዝርዝር እኛ እናውጣላቸው። አንደኛ፣ ዕድሜ። ወጣት አልነበሩም፤ ሃምሳዎቹን ዕድሜ ሳይጀምሩት አልቀሩም። ሁለተኛ፣ መንገድ። አልፕስን መሻገር ግድ ነው፤ በእግርና በእንስሳ። ሦስተኛ፣ ጸጥታ። ጀርመንን ያወደመው የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነበር። አራተኛ፣ ሃይማኖት። ያ ጦርነት ከነደደባቸው ምክንያቶች አንዱ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ጠብ ነው፤ እርሳቸው ደግሞ ከጳጳሱ ከተማ ተነስተው ወደ ሉተራውያን ቤት ነው የሚሄዱት። ለሃይማኖት ብሎ አገሩን የለቀቀ ሰው እንዲህ ያለውን ጥሪ አቅልሎ አያየውም።

አምስተኛው እኛን ያሳቀን ነው፤ ቀን። ሮም ከ1582 ጀምሮ የጳጳሱን የጎርጎርዮስን አዲስ አቆጣጠር ትከተል ነበር። የጀርመን ፕሮቴስታንቶች ግን «የጳጳስ ነገር አንፈልግም» ብለው እስከ 1700 ድረስ በአሮጌው ጸኑ። ልዩነቱ አሥር ቀን ነው። አባ ጎርጎርዮስ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ጥለው ጎታ ሲደርሱ በወረቀት አሥር ቀን ወደ ኋላ ተመለሱ ማለት ነው። በልባቸው የያዙት የአገራቸው አቆጣጠር ደግሞ ከሁለቱም በሰባትና በስምንት ዓመት ይለያል። የኛም ተጓዥ ከዚህ ጉድ አላመለጠችም። ለጓደኞቿ «በስምንት ሰዓት እደርሳለሁ» ብላ ጽፋ ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ማለቷ ነው። እነሱ በጠዋቱ ሊጠብቋት ተዘጋጅተው ነበር። ደግነቱ ኮሚቴው ደረሰባት።

አባ ጎርጎርዮስ ተነሱ። በቲሮል በኩል ሲያልፉ በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁትን በረዶ አዩ፤ ሉዶልፍ እንደጻፈው ዱቄት ነበር የመሰላቸው። ሉዶልፍም ጎታ ቁጭ ብሎ አልጠበቃቸውም፤ ኑረምበርግ ድረስ ወርዶ ተቀበላቸው። ይቺን በዝርዝራችን ላይ አሰመርንባት። እንግዳን መንገድ ወጥቶ መቀበል የኛ ባህል ብቻ አይደለም፤ የደህና ወዳጅ ምልክት ነው። ተጓዣችን ለጓደኞቿ «ጣቢያ ትመጣላችሁ ወይስ አድራሻ ልያዝ?» ብላ ስትጠይቅ ያለ ማመንታት «ሦስታችንም እንመጣለን» አሉ። ኮሚቴው በዚያ ቀን ትንሽ ተንፈስ አለ።

በግንቡ ውስጥ

አባ ጎርጎርዮስ ገና ግንባታው ባላለቀው የፍሪደንሽታይን ግንብ ጥቂት ወራት ተቀመጡ። ሥራቸው መጠየቅ ነበር፤ ማለትም እየተጠየቁ መመለስ። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ወንዞቹ፣ ስለ አውሬው፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ሠርጉ ይጠየቃሉ፤ ሉዶልፍ ያስተረጉማል፣ ይጽፋል። ብርዱ ሳይጠናባቸው ወደ ኢጣሊያ ተመለሱ።

ከዚያ ጨዋታ የወጣው ነገር ቀላል አይደለም። በ1681 ሉዶልፍ በላቲን የኢትዮጵያን ታሪክ አሳተመ፤ በ1691 ያንኑ የሚያብራራ ሌላ ትልቅ መጽሐፍ አስከተለ፣ በውስጡም የወዳጁን ምስል አተመ። በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ወጣ። ይህን የምታነቡበት ቋንቋ በአውሮፓ ማተሚያ ቤት የራሱ ሰዋስው የታተመለት በዚያ መነኩሴ አንደበት ነው። ከጎታው ጉብኝት 46 ዓመት በኋላ!

እዚህ ላይ ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። አንዳችን «ወዳጅነት ነው ወይስ መረጃ ማውጣት?» አለ። እውነትም መጽሐፉ ላይ ያለው የደራሲ ስም የሉዶልፍ ነው። መስፍኑም ሰውየውን የጠራው ለፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ሊያውቅ የፈለገው ነገር ነበረው። ሌላዋ ግን «ሉዶልፍ ያገኘውን ከማን እንዳገኘ መች ደበቀ? በስማቸው ጠርቶ፣ መልካቸውን አትሞ፣ ከሞቱ ከአርባ ዓመት በኋላም ቃላቸውን አደራ ብሎ ያቆየ ሰው ወዳጅ ካልሆነ ማን ወዳጅ ሊባል ነው?» ስትል ሞገተች። ክርክሩ አላለቀም። የተስማማንበት ይህ ነው፤ እንግዳ ሆኖ የሚሄድ ሰው የተጠራው ለምን እንደሆነ ጠይቆ ይሂድ። ተጓዣችንም ጠየቀች። «ፎቶ ልናነሳ፣ እንጀራ ልትጋግሪልን፣ ልንስቅ» ነበር መልሱ።

ቴምብር፣ ኮከብና ፓስፖርት

ከአባ ጎርጎርዮስ በኋላ ሳይተያዩ መወዳጀት የመሳፍንትና የሊቃውንት ብቻ መሆኑ ቀረ። በ1874 በርን ላይ የዓለም ፖስታ ማኅበር ተመሠረተ። በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1894 የኛም የፖስታ ሥራ ተጀመረ፤ በ1908 ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ሆነች። በ1906 ደግሞ ሮም ላይ የመልስ ኩፖን የሚባል ነገር ተፈቀደ። ለባሕር ማዶ ጓደኛህ ከደብዳቤው ጋር ትልክለታለህ፣ እሱ በአገሩ ፖስታ ቤት በቴምብር ለውጦ ይመልስልሃል። የኛ ታላላቆች «ፔን ፓል» ሲሉ የምንሰማው ወዳጅነት የተሸከመው በዚህ ሁሉ ላይ ነው።

እነዚህ የደብዳቤ ጓደኞች ተሰብስበው የተገናኙበት አንድ ደስ የሚል ቀን አለ። በ1905 የኤስፔራንቶ ቋንቋ ተማሪዎች ቡሎኝ ሱር ሜር በምትባል የፈረንሳይ ከተማ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸውን አደረጉ። 688 ሰዎች ተገኙ። ብዙዎቹ ቋንቋውን በወረቀት እንጂ በጆሮ አያውቁትም ነበር፤ ልክ እንደ ሉዶልፍ ግዕዝ። የመለያ ምልክታቸው አረንጓዴ ኮከብ ነበር። «በምን አውቅሃለሁ?» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ከኛ አልጀመረም። የኛዋ ልጅ አረንጓዴ ሻርፕ ታደርጋለች።

በዚያን ዘመን በምዕራብ አውሮፓ ብዙ ቦታ ያለ ፓስፖርት መዘዋወር ይቻል ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ያንን ዘጋው፤ በ1920 የመንግሥታቱ ማኅበር ፓሪስ ላይ ባደረገው ጉባኤ ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ዓይነት ፓስፖርት ቅርጽ ያዘ። በሩ ለሁሉም እኩል እንዳልተዘጋ ደግሞ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ለሸንገን ቪዛ ቢያንስ የ30 ሺህ ዩሮ ሽፋን ያለው የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። በ2024 ሚያዝያ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ለኢትዮጵያውያን መደበኛው የ15 ቀን የቪዛ ውሳኔ ጊዜ 45 ቀን እንዲሆን ወሰነ። አባ ጎርጎርዮስ ጦርነት ያደቀቀውን አገር ሲሻገሩ የያዙት የወዳጅና የመስፍን ጥሪ ነው፤ ዛሬ የወዳጅ ጥሪ ከብዙ ወረቀት አንዱ ወረቀት ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ከቀጠሮው በፊት ብዙ ወር ቀድሞ ነው የተነሳው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

መመለሻ

አንድ ነገር ቀረን። አባ ጎርጎርዮስ በመጨረሻ አገራቸው መግባት ፈለጉ። ከሃያ ዓመት በላይ ስደት በኋላ ማን የማይፈልግ አለ? በ1658 ወደ ምሥራቅ በመርከብ ሲጓዙ ዛሬ ቱርክ ባለችው እስክንድሩን አጠገብ መርከቡ ሰጠመ። እርሳቸውም አብረው ቀሩ። ሉዶልፍ ወዳጁን ዳግመኛ አላገኘም። መስፍን ኤርነስት በ1663 የሉዶልፍን ተማሪ ቫንስሌብን ኢትዮጵያ እንዲደርስ ላከው፤ እሱም ከግብፅ አላለፈም። ሉዶልፍም በ1704 እስኪሞት ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፍ ኖረ፤ ኢትዮጵያን ግን አላያትም። በሁለቱ ወዳጆች መካከል ያንን ሁሉ መንገድ ያቋረጠው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ቤቱ አልደረሰም።

ይህንን ስናወራ ተጓዣችን ዝም አለች። በበነጋታው ዝርዝሩን ይዛ እናቷ ፊት ቀረበች። እንደፈራነው ጩኸት አልነበረም። እናት ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች የራሷ ኪራይ ቤት እንደምታድር፣ የጓደኞቿ አድራሻ እኛ ጋር እንደሚቀር፣ ፓስፖርቷን ለማንም እንደማትሰጥ ተጽፏል። ሁሉንም አንብበው እስክሪብቶ ተቀበሉና ከታች አንድ መስመር ጨመሩ፤ «የመመለሻ ትኬት፤ እኔ እከፍላለሁ።»

ቀጠሮው ገና ነው። ቪዛው ይምጣ አይምጣ አናውቅም። ከመጣ ግን ከኤርፈርት ጎታ በባቡር ቅርብ ነው፤ ፍሪደንሽታይንም እንደቆመ ነው። ግንቡ ፊት አንድ ፎቶ ታነሳልናለች። እኛም እዚህ ማኪያቷችንን ይዘን፣ ስትመለስ ቦሌ ወጥተን እንቀበላታለን።

ቸር ያገናኘን።